ያለ በትር ያሳደገ አባት፦ የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሕይወት

ልጅ ያለ ዱላ ያድጋልን? ይህ ጥያቄ በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየሰበካው ስብሰባ ሲነሣ እንሰማለን። አብዛኛው ሰው መልሱን ከገዛ ልጅነቱ ያመጣል፤ ተገርፎ በማደጉ ሰው እንደሆነ በኩራት ይናገራል። እኛም በዚህ ጉዳይ ንጹሓን ነን አንልም። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል በመምህርነት ያገለገልን አለን፤ ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል ውስጥ ትዕግሥታችን ሲያልቅ አርጩሜ ያነሣንባቸውን ቀኖች አንረሳቸውም። ያንጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ግን የፍርሃት እንጂ የመማር አልነበረም።

በዚህ ምክንያት በዚህ እትም ለውድ አንባብያን የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮን ሕይወት ለመተረክ መረጥን። ስሙ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ልጆችን እንዴት እንደያዘና ያንንም ጠባይ ከየት እንዳገኘው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ ቦስኮ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ በካስቴልኑኦቮ አውራጃ ቤኪ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር ነሐሴ 16 ቀን 1815 ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1817 አባቱ ፍራንቸስኮ በሳንባ ምች ሞተ። እናቱ ማርጌሪታ ኦኪዬና በ29 ዓመቷ መበለት ሆነች። በእጅዋ ላይ የቀሩት ባልዋ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው አንቶኒዮ፣ የራስዋ ልጆች ዮሴፍና ዮሐንስ፣ እንዲሁም አሮጊቷ አማትዋ ነበሩ። ያም ዓመት የረሃብ ዓመት ነበረ። እህል እንዲሸምት ወደ ገበያ የላከችው ጎረቤት ባዶ እጁን ተመለሰ። ማርጌሪታ ልጆቿን አንበርክካ ከጸለየች በኋላ ተነሥታ ወደ በረቱ ገባች፤ በጎረቤትዋ ረዳትነት ጥጃዋን አርዳ ቤተ ሰቡን ከሞት አዳነች። በኋላም ደኅና ሀብት ያለው ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። ልጆቹ ግን ከእርስዋ ተለይተው በሞግዚት እጅ እንዲያድጉ የሚል ሐሳብ ስለ ነበረበት፣ አማካሪዎቿ ቢገፋፏትም እንቢ አለች።

ይህች ሴት ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ሆኖም በዓለም የታወቀው የዶን ቦስኮ የአስተዳደግ ትምህርት ሥሩ ያለው በእርስዋ ጓዳ ውስጥ እንደ ሆነ እናምናለን። በቤቷ ጥግ አንድ አርጩሜ ተቀምጦ ነበር፤ ልጆቹም ሁሉ ያውቁታል፤ ሆኖም ሲያርፍባቸው አላዩትም። ዮሐንስ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ በሌለችበት ከመደርደሪያ ላይ አንድ ነገር ለማውረድ ሲንጠራራ የዘይቱን ማሰሮ ጥሎ ሰበረው። ዘይት በዚያ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ልጁ ወለሉን ለማጽዳት ሞከረና እንደማይሆንለት ሲያይ ወጥቶ ቀጭን በትር ቆረጠ፤ ልጣጩንም እየፋቀ በልዩ ልዩ ቅርጽ አስጌጠው። እናቱ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቆ የሠራውን ጥፋት ነገራትና በትሩን በእጅዋ ላይ አኖረላት። ማርጌሪታ በትሩን አየችው፣ ልጁን አየችው፣ ሣቀችም። ከዚያ በኋላ ግን በዝምታ አላለፈችውም፤ ከማድረጉ በፊት ማሰብን እንዲለምድ በረጋ ቃል አስተማረችው። እዚህ ላይ ልብ የምንለው አንድ ነገር አለ፤ ልጁ ጥፋቱን ለመደበቅ አልሮጠም። ዱላ የሚፈራ ልጅ የተሰበረውን ማሰሮ ስባሪ ይቀብራል ወይም በድመቷ ላይ ያሳብባል።

በዘጠኝ ዓመቱ ያየው ሕልም በሕይወቱ ሁሉ አብሮት ኖረ። በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ብዙ ልጆች ሲጫወቱ አየ፤ አንዳንዶቹም ይሳደቡ ነበር። ዮሐንስ በመካከላቸው ገብቶ በቡጢ ዝም ሊያሰኛቸው ሲሞክር ግርማ ያለው አንድ ሰው ተገልጦ በመምታት ሳይሆን በየዋህነትና በፍቅር ወዳጆቹ እንዲያደርጋቸው አዘዘው። ከእርሱም ጋር አንዲት ክብርት እመቤት ነበረች። ልጁ ነገሩን እንዳልተረዳው እያለቀሰ ሲናገር፣ ሁሉን በጊዜው እንደሚረዳ ነገረችው። ጧት ሕልሙን ለቤተ ሰቡ ሲያወራ እያንዳንዱ በየፊናው ተረጎመው፤ አያቱ ግን በሕልም ማመን እንደማይገባ ተናግራ ነገሩን ዘጋችው።

ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ አንቶኒዮ አንድ ቃል ልንጨምር እንወዳለን። የዶን ቦስኮን ሕይወት የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንደ ክፉ ሰው ይሥሉታል። በእርግጥ የታናሽ ወንድሙን መጽሐፍ ጠላው፣ በትምህርቱ ሣቀበት፣ ሰላምም ነሣው። ነገር ግን አንቶኒዮ ራሱ ልጅ ነበረ። መጀመሪያ እናቱን፣ በዘጠኝ ዓመቱም አባቱን አጥቶ በዕርሻ ሥራ ከአቅሙ በላይ ትከሻውን የሰጠ ልጅ ነው። ሌላው እያነበበ እርሱ የሚቆፍርበት ምክንያት ባይገባው አንፈርድበትም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የቈሰሉ ልጆች ሲኖሩ አንዲት እናት ሁለቱንም ማከም ምን ያህል እንደሚከብዳት ከየቤታችን እናውቃለን። ጠቡ ስላልበረደ ማርጌሪታ በ1828 ክረምት ልጅዋን ዮሐንስን ሥራ እንዲፈልግ ከቤት ሸኘችው። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጥቂት ልብሱን ቋጥሮ በበረዶ ላይ እየተጓዘ ሄደ፤ በሞሊያ ቤተ ሰብ ዕርሻም ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአሽከርነት አገለገለ።

በልጅነቱ ካሳዘኑት ነገሮች አንዱ የካህናት ነገር ነበር። በመንገድ ሲያገኛቸው በአክብሮት እጅ ይነሣቸዋል፤ እነርሱም ሰላምታውን በትሕትና ይመልሱና ያልፉታል። ቆም ብሎ ስሙን የሚጠይቀው አልነበረም። ለእናቱም እርሱ ካህን ቢሆን ወደ ልጆች ቀርቦ እንደሚያናግራቸው ደጋግሞ ይነግራት ነበር። በመጨረሻ በ1829 ቆም ያለ አንድ ካህን አገኘ፤ የሞሪያልዶው ሽማግሌ ዶን ካሎሶ። ሽማግሌው የልጁን የማስታወስ ችሎታ አይተው ላቲን ያስተምሩት ጀመር፤ በቤታቸውም አኖሩት። ዓመት እንኳ ብዙ ሳያልፍ፣ በ1830 ኅዳር፣ ሞቱ። በሕመማቸው ጊዜ የገንዘብ ሣጥናቸውን ቁልፍ ለልጁ ሰጥተውት ነበር፤ እርሱ ግን ቁልፉን ለዘመዶቻቸው አስረከበ። ያለ አባት ያደገ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አባት አጣ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በኪዬሪ ከተማ ተማረ። ለመኖሪያው በቡና ቤት አሳላፊነት ሠራ፤ ልብስ መስፋትን፣ ብረት መቀጥቀጥን፣ ጣፋጭ መሥራትን ሳይቀር ለመደ። በገመድ ላይ መራመድና ምትሃት ማሳየትም ያውቅ ነበር። ጓደኞቹንም አሰባስቦ የደስታ ማኅበር ብሎ የሰየመውን ቡድን አቋቋመ። በ1835 ዘርአ ክህነት ገባ፤ ሰኔ 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ማዕርገ ክህነት ተቀበለ።

ቶሪኖ በዚያን ጊዜ በማደግ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። ከተራራማው አገር ብዙ ልጆች በግንበኝነት ረዳትነትና በጭስ ማውጫ ጠራጊነት ለመቀጠር ይጎርፉባት ነበር። ዘመድ የላቸውም፤ በሥራ ቀን በሕንጻ መወጣጫ ላይ፣ በእሑድ ቀን በመንገድ ላይ ይውላሉ። ወጣቱን ካህን የመከሩት ዶን ዮሴፍ ካፋሶ ወደ ከተማይቱ ወኅኒ ቤቶች ይዘውት ገቡ። በዚያም ከ12 እስከ 18 ዓመት የሚሆኑ፣ ጤነኛና ብሩህ አእምሮ ያላቸው ልጆች ሥራ ፈትተው፣ በተባይ ተበልተው፣ ተርበው አገኛቸው። ከሁሉ ያስደነገጠው ግን ከተፈቱት ብዙዎቹ ወዲያው ተመልሰው መግባታቸው ነበር። ምክንያቱን ሲመረምር በደጅ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳልነበራቸው ተረዳ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ልጁ ወደ ወኅኒ ከመግባቱ በፊት ወዳጅ ሆኖ መድረስ ሆነ።

የመጀመሪያው ልጅ የመጣው ታኅሣሥ 8 ቀን 1841 ነው። ዶን ቦስኮ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አንድ ልጅ በጥግ ቆሞ አየና ቅዳሴ እንዲያግዝ አዘዘው። ልጁ አለመቻሉን ቢናገር አገልጋዩ በያዘው ዘንግ ደብድቦ አባረረው። ዶን ቦስኮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተቆጣ፤ የተመታው ወዳጁ መሆኑን ተናግሮ እንዲያስጠራው አዘዘ። ወዳጁ ያለውን ልጅ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አላየውም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በእርጋታ ጠየቀው፤ ስሙ ባርቶሎሜዮ ጋሬሊ፣ ዕድሜው አሥራ ስድስት፣ ሥራው ግንበኛ፣ አባትም እናትም የሌለው፣ ማንበብም መጻፍም የማይችል ነበረ። ትምህርተ ክርስቶስ እንዳይማር ታናናሾቹ ከእርሱ የተሻለ ማወቃቸው አሳፍሮታል። ማፏጨት ይችል እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን ልጁ ፈገግ አለ። ትምህርቱ ከዚያ ተጀመረ። ጋሬሊ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ፤ ጥቂት ወራት ሳያልፉ ቍጥራቸው ሃያ ያህል ደረሰ፤ በዓመታትም ውስጥ በመቶ ተቈጠሩ።

ብዙ ጫጫታ የሚያሰሙ ልጆችን ማንም በጎረቤትነት አይፈልግምና ለዓመታት ከቦታ ወደ ቦታ ተባረሩ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከወፍጮ ቤቶች አጠገብ፣ ከመቃብር ስፍራ፣ ከኪራይ ቤት፣ በመጨረሻም ከአንድ ባዶ ሜዳ ተነሥተዋል። አእምሮውን የሳተ መስሏቸው የተጠራጠሩት ሰዎችም ነበሩ። በ1846 የትንሣኤ በዓል ዕለት በቫልዶኮ ሠፈር የፒናርዲ ደሳሳ ጎጆ ተገኘችላቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዶን ቦስኮ በድካም ብዛት ለሞት አሰጋው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይና ጭቃ ሲሸከሙ የዋሉ ልጆች በፈረቃ በእመቤታችን ቤተ መቅደስ እየተገኙ ጸለዩለት፤ በእንጀራና በውኃ የጾሙም ነበሩ። ከሕመሙ ሲነሣ ከእንግዲህ ሕይወቱ የእነርሱ እንደሆነ ነገራቸው።

በኅዳር ወር ከቤኪ ተመለሰ፤ ከእርሱም ጋር በእግርዋ የተጓዘች አንዲት የ58 ዓመት ሴት ነበረች። ማርጌሪታ የልጅ ልጆቿንና ጓሮዋን ትታ ለማታውቃቸው ልጆች እናት ልትሆን መጣች። የሰርግ ልብስዋንና ጌጧን ለልጆቹና ለመሠዊያው ማገልገያ አዋለችው። መጀመሪያ ያሳደሯቸው ልጆች ሌሊቱን አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘው ጠፍተው ነበር። በ1847 ግንቦት፣ በዝናብ የራሰ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ በሌሊት በራቸውን ሲያንኳኳ ያ ነገር አልተረሳም ነበር። ሆኖም ማርጌሪታ ሾርባ ሰጥታ አሞቀችው፣ በጡብና በሳንቃ ላይ አልጋ አነጠፈችለት፣ ከመተኛቱም በፊት ስለ ሥራና ስለ ታማኝነት ጥቂት መልካም ቃል ነገረችው። በሳሌዥያን ቤቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ልጆች ከመኝታ በፊት የሚሰሙት አጭር ምክር ከዚያች ሌሊት እንደ ተወለደ ይነገራል።

ያም ማለት ሁሉ ነገር ጣፋጭ ነበር ማለት አይደለም። አንድ ቀን ልጆቹ የጦር ጨዋታ ሲጫወቱ በላብዋ ያለማችውን የአትክልት ቦታ ረጋግጠው አጠፉባት። ማርጌሪታ ድካሟን ሁሉ ለልጅዋ ዘረዘረችና ወደ ቤኪ ልመለስ ብላ ለመነችው። እርሱ አልተከራከራትም፤ በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው መስቀል ብቻ አመለከታት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሽርጧንም ታጥቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እስክትሞት ድረስ፣ እስከ ኅዳር 25 ቀን 1856፣ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ዶን ቦስኮ ልጆቹ በሚቀጠሩበት ቦታ እየዞረ ይጎበኛቸው ነበር። ጌቶቻቸው ሲደበድቧቸው፣ ሕፃን ሲያሳዝሏቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ሲያሠሯቸው አየ። ስለዚህ ስብከት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ ወረቀት አወጣ። በየካቲት 1852 ከአንድ አናጢ ጋር የተፈረመው ውል ዛሬም ይገኛል። ጌታው ልጁን ሙያውን ሊያስተምረው፣ ሲያጠፋም በቃል ብቻ እንጂ በሌላ መንገድ እንዳይቀጣው፣ ከሙያው ውጭና ከጉልበቱ በላይ እንዳያሠራው፣ በዓላትን ነጻ ሊያደርግለት፣ ደመወዙንም እያደር ሊጨምርለት ተስማማ። ልጁም በበኩሉ ትጉና ታዛዥ ሊሆን ቃል ገባ። ለመላው ኢጣሊያ የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ የሚመለከት ሕግ የወጣው ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ሲሆን ያም ቢሆን ከፋብሪካ ያራቀው ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ነበር። ዶን ቦስኮ ከ1853 ጀምሮ በራሱ ግቢ የጫማና የልብስ ስፌት፣ ቀጥሎም የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጢነት፣ የኅትመትና የብረት ሥራ ክፍሎች ከፈተ።

ለነፍስ መቅናትም ቢሆን የልጅን አካል እንዲጎዳ አይፈቅድም ነበር። በ1854 ወደ እርሱ የመጣው ቅዱስ ዶሜኒኮ ሳቪዮ ቅዱስ ለመሆን ባለው ጉጉት በክረምት በቀጭን ልብስ ብቻ ተሸፍኖ እየተኛ ራሱን ያስጨንቅ ነበር። ዶን ቦስኮ ይህን ከለከለው፤ በደስታ መኖርን፣ ትምህርቱን መከታተልንና ጓደኞቹን መርዳትን በምትኩ ሰጠው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው በ1857 ሞተ።

ዶን ቦስኮ በ1859 የሳሌዥያን ማኅበርን፣ በ1872 ደግሞ ከቅድስት ማርያ ዶሜኒካ ማዛሬሎ ጋር የሴት ልጆችን የሚያስተምሩ እኅቶች ማኅበርን መሠረተ። በ1875 የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን ወደ አርጀንቲና ላከ። ስለ አስተዳደግ ያመነበትን ነገር በጽሑፍ ያሰፈረው ዘግይቶ፣ በ1877 ነው፤ ጽሑፉም ጥቂት ገጾች ብቻ ነው። በዚያ ሁለት መንገዶችን ያነጻጽራል። አንደኛው ሕጉን ነግሮ አጥፊውን እየጠበቀ የሚቀጣ ነው፤ ይህ ሁከትን ቢያቆምም አጥፊውን የተሻለ ሰው ለማድረግ ይቸግረዋል ይላል፤ ልጆችም የወላጆቻቸውን ቅጣት ቢረሱ የመምህራንን እምብዛም እንደማይረሱ ያስታውሳል። ሁለተኛው መምህሩ እንደ አባት በልጆቹ መካከል እየተገኘ ጥፋቱ ሳይመጣ የሚከላከል ነው፤ ይህም በማመዛዘን፣ በሃይማኖትና በፍቅራዊ ደግነት ላይ ይቆማል። መምታትን፣ በሚያሳምም ሁኔታ ማንበርከክን፣ ጆሮ መጎተትን ፈጽሞ ይከለክላል፤ ልጁን ያስቈጣል፣ የሚቀጣውንም ያዋርዳል ብሎ ያምናልና። እነዚህን ሦስቱን ስናነብ ስለ እኛ ትምህርት ቤቶች የተጻፈ መሰለን። የአገራችን የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ማንበርከኩና ጆሮ መቆንጠጡ ግን ለአንባብያችን የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይህን መንገድ መያዝ ከባድ ነው፤ አርጩሜ አንድ ደቂቃ ሲፈጅ አብሮ መዋል ቀኑን ሙሉ ይጠይቃል። የዶን ቦስኮ ቤቶች ራሳቸው ከዚህ ፈተና አላመለጡም። በግንቦት 1884 ከሮም ለቫልዶኮ ልጆችና መምህራን ደብዳቤ ላከ። የቀድሞውንና የአሁኑን ሜዳ በሕልም እንዳየ ይተርካል፤ በቀድሞው ሩጫ፣ ዘፈንና ሣቅ፣ በአሁኑ ደግሞ መሰላቸትና ጥርጣሬ ነበረ። መምህራኑ እርስ በርሳቸው እያወሩ ለብቻ ይመላለሳሉ፤ ልጆቹም እንደ አለቃ ይፈሯቸዋል እንጂ እንደ አባትና እንደ ወንድም አይወዷቸውም። ልጆች መወደዳቸው ብቻ እንደማይበቃና መወደዳቸውን ራሳቸው ማወቅ እንዳለባቸው በዚያ ደብዳቤ አስገነዘበ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን እናስበልጣለን። ስሙ ገንኖ፣ ቤቶቹ በዝተው ሳለ የገዛ ቤቱን ጉድለት በሁሉ ፊት ለመናገር አልፈራምና።

ከአገራችን ጋር ያለውንም ግንኙነት ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። ዶን ቦስኮ በፒናርዲ ጎጆ በተጠለለበት በዚያው በ1846 ዓመት ከአስቲ ኮረብታዎች የወጡ ሌላ የፒየሞንቴ ልጅ ወደ ኦሮሞ አገር በሐዋርያነት ተልከዋል፤ እርሳቸውም በአገራችን አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው። የዶን ቦስኮ ልጆች ግን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1975 ሲሆን ሥራቸውንም በመቀሌ ጀመሩ።

በ1887 ግንቦት ዶን ቦስኮ ደክሞና ጎብጦ፣ በልመና ባሠራው በሮም የልበ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቀደሰ። በቅዳሴው መካከል እንባ እየቀደመው አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አቋረጠ። በኋላ ምክንያቱን ሲጠይቁት በዘጠኝ ዓመቱ ያየው ሕልም፣ የእናቱና የወንድሞቹም ትርጓሜ በዓይኑ ፊት ተደቅኖ እንደ ነበረ ተናገረ፤ እመቤቲቱ በጊዜው ትረዳዋለህ ያለችውን ያን ቀን ተረዳው። ጥር 31 ቀን 1888 ማለዳ በቫልዶኮ ዐረፈ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1934 የትንሣኤ በዓል ዕለት ቅድስናውን ዐወጁ፤ ቀኑም የፒናርዲ ጎጆ የተገኘችበት በዓል ነበረ።